እሳት የሚያፈርሰውና የሚያስቀረው፦ ከደቡብ ጎንደር ደጋ ምድጃ የተነሣ ዳሰሳ

ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። አጠገቧ ያለው የጉና ተራራ ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። በፋርጣ፣ በላይ ጋይንት፣ በእስቴና በዙሪያቸው ባለው ደጋ ብርዱ ስለማይለቅ ምድጃው ከማለዳ እስከ ማታ ፍም አያጣም። በምድጃው ላይ የሚጣደውም ሆነ ከሥሩ የሚማገደው ነገር ከሞላ ጎደል የአንድ ቤተሰብ ነው። ገብሱ፣ ጤፉ፣ ድንቹ፣ ባሕር ዛፉ፣ ኩበቱ፣ ጭዱ፣ ሱፉና ቆዳው ሁሉ ዕፅዋትና እንስሳት ከሠሯቸው ረጃጅም ሞለኪውሎች የተገነቡ ናቸው። ኬሚስቶች እነዚህን የተፈጥሮ ፖሊመሮች ይሏቸዋል።

እነዚህ ነገሮች ሲሞቁ በስንት ዲግሪ ይፈርሳሉ? ፈርሰው ምን ይሆናሉ? ከሚፈርሰው ውስጥ የምንጠቀምበት የቱ ነው፣ በከንቱ የሚሄደውስ? ጥያቄው የላቦራቶሪ ብቻ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ከ10 የኢትዮጵያ ቤተሰቦች ዘጠኙ ገደማ እስካሁን የሚያበስሉት በእንጨት፣ በከሰል፣ በኩበትና በሰብል ተረፈ ምርት ነው። ስለዚህ መልሱ የእናቶችን ሳንባ፣ የማሳውን ለምነትና የቀረውን ደን በቀጥታ ይነካል። የዚህ ዳሰሳ ሐሳብ በአጭሩ ይህ ነው፦ የደጋው ሰው በእህልና በመጠጥ ዝግጅት ሙቀትን በአስደናቂ ጥንቃቄ ይገራል፤ ከሁሉ የሚበዛው ሀብት በሚቃጠልበት በማገዶና በከሰል ላይ ግን ያ ጥንቃቄ ይጎድላል። እዚያ ላይ የሚታየውን ብክነት መቀነስ ይቻላል።

ሰንሰለቱ የሚበጠስበት ሙቀት

ፖሊመር ትናንሽ ክፍሎች እየተያያዙ የሚፈጥሩት ረጅም ሰንሰለት ነው፤ በክር የተሰካ መቁጠሪያን ያስታውሳል። በስታርችም በሴሉሎስም ፍሬው ግሉኮስ የተባለው ስኳር ነው። ልዩነቱ ያለው ፍሬዎቹ በተያያዙበት አቅጣጫ ላይ ነው። የስታርች ሰንሰለት ስለሚጠማዘዝና ልል ስለሆነ ትኩስ ውሃ ይገባዋል፤ የሰው ሆድም ይፈጨዋል። የሴሉሎስ ሰንሰለቶች ቀጥ ብለው ጎን ለጎን ስለሚደረደሩ ውሃ አይደፍራቸውም፤ የእንጨት ጥንካሬ በአብዛኛው ከእነሱ የመጣ ነው። ሄሚሴሉሎስ ከተለያዩ ስኳሮች የተሠራ አጭርና ቅርንጫፋም ሰንሰለት ነው። ሊግኒን ከስኳር የራቀ ሌላ ሥሪት አለው፤ ቀለበት ቅርጽ ካላቸው ፌኖል መሰል ክፍሎች ተሠርቶ የእንጨቱን ጭረቶች እንደ ሙጫ ያያይዛል። በእንስሳት በኩል በቆዳና በአጥንት ውስጥ ኮላጅን፣ በሱፍና በፀጉር ውስጥ ደግሞ ኬራቲን አለ። ሁለቱም ፕሮቲኖች ስለሆኑ ናይትሮጅን ይይዛሉ።

ሳይንቲስቶች የመፍረሻ ሙቀቱን የሚያውቁት ትንሽ ናሙና በረቂቅ ሚዛን ላይ አስቀምጠው ቀስ በቀስ እያሞቁ ክብደቱን በመከታተል ነው። ዘዴው ቴርሞግራቪሜትሪ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2007 ፊውል በተሰኘው መጽሔት የታተመና እስከ ዛሬ በብዛት የሚጠቀስ ጥናት ሦስቱን የእንጨት ፖሊመሮች ለየብቻ መዝኗል። ሄሚሴሉሎስ በዋናነት ከ220 እስከ 315 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ክልል ይፈርሳል። ሴሉሎስ ከ315 እስከ 400 ዲግሪ ባለው ጠባብ ክልል በፍጥነት ይበተናል። ሊግኒን ከ160 ዲግሪ ጀምሮ እስከ 900 ዲግሪ ድረስ ቀስ እያለ ይፈርሳል፤ ከሦስቱም ብዙ ከሰል የሚያስቀረው እሱ ነው።

ሙቀቱ ብቻውን ግን ውጤቱን አይወስንም። የማሞቂያው ፍጥነት፣ የአየሩ መጠን፣ የውሃው መጠንና በዕፁ ውስጥ ያለው ማዕድን አብረው ይወስናሉ። ኬሚስቱ ሻፊዛዴህ ከብራድበሪና ከሌላ ባልደረባቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተሙት ሥራ እንዳሳዩት ሴሉሎስ ሲሞቅ በሁለት መንገዶች ሊሄድ ይችላል። ቀስ ብሎ በመጠነኛ ሙቀት ሲሞቅ ውሃና ጋዝ እየለቀቀ ከሰል ይሆናል። በፍጥነት በከፍተኛ ሙቀት ሲመታ ሰንሰለቱ ተበጣጥሶ ሌቮግሉኮሳን የተባለ ስኳር መሰል ውሕድና ሬንጅ መሰል ተን ሆኖ ያመልጣል። በዕፁ ውስጥ ያለ ፖታሲየም ወደ ከሰሉ መንገድ ይገፋዋል። ከሰል አክሳዩ ጉድጓዱን አፍኖ ለቀናት የሚጠብቀው፣ ምጣድ የምታሰማ ሴት ደግሞ ጭራሮና ጭድ መርጣ ፈጣን ነበልባል የምታነሣው ይህንኑ ምርጫ በእጅ ልምድ እያደረጉ ነው።

ውሃ ባለበት ማሰሮ

ውሃ ሲኖር ሙቀቱ ከመፍያው ነጥብ አያልፍም። በደብረ ታቦር ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ ገደማ ነው፤ በጉና ከፍተኛ መንደሮች ደግሞ ወደ 88 ይወርዳል። ይህ ልዩነት ለአንዳንዱ ምግብ ምንም አያመጣም፣ ለሌላው ብዙ ማገዶ ያስከፍላል።

የጤፍን ስታርች በዝርዝር ከመረመሩት ሳይንቲስቶች አንዱ ገረመው ቡልቶሳ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ከባልደረቦቹ ጋር ባሳተመው ጥናት የጤፍ ስታርች በውሃ ውስጥ ማበጥና መጣበቅ የሚጀምረው በ68 ዲግሪ ገደማ፣ የሚጨርሰውም በ80 ገደማ መሆኑን አስፍሯል። የድንች ስታርች ከዚያም ባነሰ፣ በ60ዎቹ ዲግሪዎች ይበስላል። ሁለቱም ከ91 ዲግሪ በታች ስለሆኑ የደጋው ከፍታ እንጀራንም ሆነ የተቀቀለ ድንችን አያስቸግርም። የባቄላና የአተር ነገር ይለያል። የእህሉ ስታርች ቢበስልም የሕዋሶቹን ግድግዳ የሚያያይዘው ፔክቲን የሚላላው ቀስ ብሎና በከፍተኛ ሙቀት ነው። ስለዚህ በደጋ ንፍሮ ለመቀቀል የሚፈጀው ጊዜ ከቆላው ይበልጣል፤ ማገዶውም እንዲሁ። ጥራጥሬውን ከማታው መዘፍዘፍና ድስቱን በደንብ መክደን እዚህ ላይ ከማንኛውም ቦታ ይልቅ ዋጋ አለው።

የእንጀራ ሥራ በቅርብ ሊታይ የሚገባው የሙቀት ጥበብ ነው። ሊጡ ከቦካ በኋላ ከላዩ ያቀረረው ውሃ ይደፋል፤ ከሊጡም ጥቂት ተወስዶ ከውሃ ጋር በድስት ይጣድና እስኪወፍር ይማሰላል። ይህ አብሲት ነው። በድስቱ ውስጥ ስታርቹ ከ80 ዲግሪ አልፎ ሙሉ በሙሉ ያብጣል፣ ይጣበቃል። በረድ ካለ በኋላ ወደ ሊጡ ሲመለስ ቀጭኑን ሊጥ ያወፍረዋል፤ ጋዙንም ይይዛል። ጤፍ ግሉተን ስለሌለው የዳቦን ሊጥ የሚያቆመው መረብ የለውም፤ አብሲቱ የዚያን ሥራ በከፊል ይሠራለታል። ሊጡ በጋለ ምጣድ ላይ ሲፈስ ከሥሩ ያለው ሙቀት ውሃውን ወደ እንፋሎት ይለውጣል፤ የእርሾው ጋዝም ይነፋል፤ ሁለቱ ሊጡን በስተው ዓይን ያወጣሉ። በዚያው ሰዓት ስታርቹ ስለሚጣበቅ ዓይኖቹ እንደተከፈቱ ይቀራሉ። እንጀራ አይገለበጥም፤ የላይኛው ገጽ የሚበስለው አክንባሎው በሚያፍነው እንፋሎት ነው። ምጣዱ ካልሰማ ስታርቹ ሳይጣበቅ ጋዙ ያመልጣል፣ እንጀራው ዓይን አልባ ይሆናል። ከመጠን በላይ ከጋለ ደግሞ ሥሩ ደርቆ ያርራል።

ደረቅ ሙቀት፦ ቆሎ፣ አሻሮ፣ ቡና

ውሃው ካለቀ በኋላ ሙቀቱ ከ100 ዲግሪ በላይ መውጣት ይችላል፤ አዲስ ምዕራፍም ይጀምራል። ገብስ ሲቆላ ስታርቹ ወደ አጫጭር ሰንሰለቶች ይቆረጣል፤ ዴክስትሪን ይባላሉ። በ140 ዲግሪ ገደማና ከዚያ በላይ የፕሮቲኑ አሚኖ አሲዶችና ስኳሮች ተዋሕደው ቡናማ ቀለምና መዓዛ ይፈጥራሉ። የጉና ገብስ ተቆልቶ ሲፈጭ በሶ የሚሆነውና ያለ ተጨማሪ ማብሰል በውሃ ብቻ ተበጥብጦ የሚጠጣው ስታርቹ ቀድሞ ስለተሰበረ ነው። እረኛም መንገደኛም በሶ የሚሰንቁት ለዚህ ነው።

ጠላ ጠማቂዋ አንድ እህል ሁለት የተለያዩ የሙቀት ሕጎችን እንዲያከብር ታደርጋለች። አሻሮው እስኪጠቁር ድረስ ይታመሳል፤ ቀለምና ጣዕም የሚሰጠው እሱ ነው። ብቅሉ ግን እሳት አይነካውም፤ በፀሐይ ይደርቃል። ብቅል ውስጥ ያሉት ስታርች ቆራጭ ኢንዛይሞች ራሳቸው ፕሮቲኖች ስለሆኑ ከ70 ዲግሪ አካባቢ ጀምሮ ቅርጻቸው ይፈርሳል፣ ሥራቸውም ይቆማል። ብቅሉ ቢታመስ ስታርቹን ወደ ስኳር የሚለውጥ ስለማይኖር መፍላቱ ይሰናከላል። ኢንዛይም የሚለውን ስም ያልሰማች ጠማቂም ይህን ልዩነት በየቀኑ ትጠብቃለች።

ቡና ሲቆላም እንዲሁ ነው። ከ200 ዲግሪ አካባቢ ፍሬው ይንጣጣል፤ በውስጡ የታመቀው እንፋሎትና ጋዝ የሕዋሱን ግድግዳ ሲሰነጥቀው ነው። የግድግዳው ፖሊሳካራይዶች በከፊል ይፈርሳሉ፤ አንዳንዶቹ ወደ ስኒው ይሟሟሉ። ከዚያ አልፎ ከተቆላ መዓዛው ይሸሻል፤ ወደ ከሰል የሚያደርሰው መንገድ ተጀምሯል።

ጭስ፦ መድኃኒትም መርዝም

ሊግኒን በሙቀት ሲፈርስ ጓያኮልና ሲሪንጎል የተባሉ ፌኖሎችን ይለቅቃል። የጭስ መዓዛ የምንለው በአብዛኛው ከእነዚህ ይመጣል። እንደ ወይራ ያሉ ሰፋፊ ቅጠል ያላቸው ዛፎች ሁለቱንም ይሰጣሉ፤ ጥድ ግን በአብዛኛው የጓያኮሉን ወገን። እነዚህ ፌኖሎች ባክቴሪያን ይከላከላሉ።

የወተት ቅል ወይም የጠላ ጋን በወይራ ፍልጥ ጭስ የሚታጠነው በዚህ ኬሚስትሪ ላይ ተመሥርቶ ነው። ወይራው ነበልባል እንዳያወጣ ይደረጋል፤ ፍሙ ላይ ተጨምሮ ወይም ጫፉ ተለኩሶ ጠፍቶ ጭሱ ብቻ ወደ ዕቃው ይገባል። ሊግኒኑ እንዲፈርስ ሙቀት ይበቃዋል፤ ነበልባሉ ከተነሣ ግን ፌኖሎቹ ራሳቸው ይቃጠላሉ፣ ዕቃው መታጠኑ ይቀራል። ሞገሴ አሸናፊ እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተመው ጥናት የዕቃው መታጠን በእርጎ ውስጥ የባክቴሪያዎችን እድገት እንደሚያዘገይ አሳይቷል። አያቶች በአፍንጫ የለዩትን በላቦራቶሪ የመሰከረ ሥራ ነው።

ያው ጭስ በጎጆ ውስጥ ከጧት እስከ ማታ ሲተነፈስ ግን ይገድላል። እንጨት ከ300 እስከ 500 ዲግሪ ባለው ሙቀት በቂ አየር ሳያገኝ ሲፈርስ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ረቂቅ ብናኝና ካንሰር አምጪ የሆኑ ባለ ብዙ ቀለበት ውሕዶችን ይለቅቃል። የዓለም ጤና ድርጅት የቤት ውስጥ ጭስን ከሕፃናት የሳንባ ምች፣ ከአዋቂዎች ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታና ከልብ ሕመም ጋር ያያይዘዋል። ለደጋው ጎጆ ጉዳዩ የከፋ የሚያደርገው ለብርዱ ሲባል በር መዘጋቱና ሕፃናት ከእናታቸው ጋር በምድጃው ዙሪያ መዋላቸው ነው።

ማገዶውን የሚያባክነውም ሰውን የሚጎዳውም አንድ ነገር ነው፤ ሳይቃጠል ያመለጠ የእንጨቱ ተን። ተኑ ከ600 ዲግሪ በላይ ሆኖ አየር ቢያገኝ ራሱ ነድዶ ሙቀት ይሰጥ ነበር። በሦስት ጉልቻ ላይ ነፋሱ ያቀዘቅዘዋል፣ እርጥብ እንጨቱም ያቀዘቅዘዋል። ወዲያው የተቆረጠ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ ገደማ ውሃ ሊሆን ይችላል። አንድ ኪሎ ውሃ ለማትነን ብቻ ከ2 ሜጋጁል በላይ ሙቀት ይወስዳል፤ ከአንድ ኪሎ ደረቅ እንጨት የሚገኘው በጠቅላላው 16 ሜጋጁል ገደማ ነው። ክረምት ከመግባቱ በፊት ማገዶን ፈልጦ በጣሪያ ሥር መከመር ገንዘብ የማይጠይቅ ትልቅ ቁጠባ ነው።

በኢትዮጵያ ቤተሰብ ከሚቃጠለው ማገዶ ከግማሽ በላይ የሚሄደው ለእንጀራ መጋገሪያ ነው ተብሎ ይገመታል። ለዚህ መልስ እንዲሆን በ1980ዎቹ ዓ.ም. ምርት የተባለው ምድጃ ተሠራ። ከሲሚንቶና ከፑሚስ ወይም ከቀይ አሸዋ የሚሠራው ይህ ምድጃ ምጣዱን ዙሪያውን ከብቦ ነበልባሉን ከሥሩ ያፍነዋል። ከክፍት እሳት ጋር ሲነጻጸር እስከ ግማሽ የሚደርስ ማገዶ እንደሚቆጥብ በሙከራ ታይቷል። ከሸክላ የሚሠራው ጎንዜና ለከሰል የተሠራው ላቀችም በዚያው መንገድ ላይ ናቸው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ጭሱን ፈጽሞ ያስቀራል፤ ሆኖም 3.5 ኪሎዋት ገደማ ስለሚፈልግ መስመሩ ደካማ በሆነበት ገጠር ገና ሩቅ ነው።

ከሰል፦ ከጋፋት እስከ አዊ

ከደብረ ታቦር ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ የምትገኘው ጋፋት የዐፄ ቴዎድሮስ የጦር መሣሪያ ሠሪዎች መንደር ነበረች። እነ ዋልድማየርና ሌሎች ከአውሮፓ የመጡ ሚሲዮናውያን የእጅ ባለሙያዎች፣ ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር፣ ሴባስቶፖል የተባለውን ግዙፍ መድፍ እዚያ አቅልጠው አወጡ። ክብደቱ 7 ቶን ገደማ የነበረው ይህ መድፍ ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ከተደረገው የመቅደላ ውጊያ ቀደም ብሎ በሰው ጉልበት ተጎትቶ ወደ አምባው ወጥቷል። ነሐስ የሚቀልጠው ከ900 እስከ 1,000 ዲግሪ ባለው ክልል ስለሆነ የተራ ምድጃ እሳት አይበቃውም። እንጨት ሲነድ ውሃውና ተኑ ሙቀቱን ይካፈሉታል። ከሰል ግን ውሃውንም ተኑንም አስቀድሞ ስላጣ የቀረው በአብዛኛው ካርቦን ነው፤ በወናፍ ሲነፋ ከ1,000 ዲግሪ በላይ ይደርሳል። በዚህ አገር ማረሻና ማጭድ ሲቀጠቀጥ የኖረውም በዚሁ ከሰል ነው።

በከሰል ክምር ውስጥ የሚሆነው በአራት ደረጃ ይከፈላል። መጀመሪያ እንጨቱ ይደርቃል፤ ከአፈሩ ሥር ወፍራም ነጭ ጭስ ይወጣል፣ አብዛኛው እንፋሎት ነው። ከ200 ዲግሪ በኋላ ሄሚሴሉሎሱ ይፈርሳል። በ280 ዲግሪ ገደማ አንድ ለውጥ ይመጣል፤ መፍረሱ ራሱ ሙቀት መስጠት ስለሚጀምር ክምሩ ያለ ተጨማሪ እሳት ይቀጥላል። በዚህ ጊዜ ጭሱ ቢጫማና የሚሰነፍጥ ነው፤ ሬንጅና አሲድ ይዟል። በ400 ዲግሪ ገደማ መፍረሱ በአመዛኙ ያበቃል፣ ወደ 500 ሲጠጋ የቀረው ሬንጅ ይወጣል፣ ጭሱም ስስና ሰማያዊ ይሆናል። ከሰል አክሳዩ ሰማያዊውን ጭስ ሲያይ ቀዳዳዎቹን በአፈር ይደፍናል። ቀድሞ ከደፈነ ከሰሉ ጥሬ ሆኖ ቤት ውስጥ ያጨሳል፤ ከዘገየ ከሰሉ ራሱ ነድዶ አመድ ይሆናል።

በተለመደው የአፈር ክምር ከ100 ኪሎ ደረቅ እንጨት የሚገኘው ከሰል ከ10 እስከ 20 ኪሎ ነው። 15 ኪሎ አገኘን እንበል። የአንድ ኪሎ ከሰል ኃይል 29 ሜጋጁል ገደማ ስለሆነ በጠቅላላው 435 ሜጋጁል ይሆናል፤ እንጨቱ ግን 1,600 ነበረው። ከአራት እጅ ሦስት እጅ ያህሉ ክምሩ ላይ ቀርቷል ማለት ነው። እንጨቱ በደንብ ደርቆ፣ በመጠን ተመርጦ፣ ተጠባብቆ ተደርድሮ፣ የአየሩም አገባብ በጭስ ማውጫ ተቆጣጥሮ ምርቱ 25 ኪሎ ቢደርስ የሚተርፈው ኃይል ወደ 725 ሜጋጁል ያድጋል። ለዚያው ከሰል የሚቆረጠው ዛፍ በአርባ በመቶ ይቀንሳል። ይህን የሚያህል ትርፍ ያለ አንዳች ከውጭ የሚገባ ማሽን ማግኘት ይቻላል።

ከሰል የግድ ደን አጥፊ እንዳልሆነ በአማራ ክልል አንድ ጥሩ ምሳሌ አለ። በአዊ፣ በተለይ በፋግታ ለኮማ ወረዳ፣ ገበሬዎች ዲከረንስ የሚሉትን ግራር በማሳቸው ላይ ይተክላሉ። በመጀመሪያው ዓመት ከችግኙ ጋር እህል ይዘራሉ፣ በኋላ ሣር ያጭዳሉ፣ ከአራት አምስት ዓመት በኋላ ቆርጠው አክስለው ወደ አዲስ አበባ ጭምር ይሸጣሉ። ዛፉ ናይትሮጅን ስለሚያስቀር የደከመው መሬት ያገግማል። በቅርብ ዓመታት የዝገት በሽታ ዲከረንሱን ክፉኛ ጎድቶታል፤ በአንድ ዓይነት ዛፍ ላይ ብቻ መተማመን ያለውን አደጋም አሳይቷል። ቢሆንም አካሄዱ ትክክል ነው፤ ከሰል የሚከሰለው ለዚሁ ከተተከለ ዛፍ መሆን አለበት።

ኩበት፦ የማሳው ዕዳ

አለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር የሚገኙ የቤተ ክርስቲያን ደኖችን አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ2007 በዋግኒንገን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ሥራውን አቅርቧል። ከዚያ ሥራ የምንረዳው የአካባቢው አገር በቀል ዛፍ በአብዛኛው የቀረው በአጥቢያ ቅጥር ግቢዎች ውስጥ መሆኑን ነው። ከቅጥሩ ውጭ ያለው ገበሬ ባሕር ዛፍ ይተክላል። ባሕር ዛፉ ግን ቋሚ እየሆነ ለገበያ ይወጣል፤ ለምድጃው የሚተርፈው ቅጠልና ጭራሮ፣ ከዚያም ኩበት ነው።

ኩበት ከብቱ ሊፈጨው ያልቻለው ሴሉሎስና ሊግኒን ስለሆነ በደንብ ይነድዳል። በውስጡ ያለው የማሳ ቀለብ ግን በሙቀት ላይ እኩል አይቆይም። ናይትሮጅን የያዙት ውሕዶች ከ200 ዲግሪ ጀምሮ ወደ ጋዝ ይለወጣሉ፤ ኩበቱ እስኪነድድ ድረስ አብዛኛው ናይትሮጅን ሄዷል። ፖታሲየምና ፎስፈረስ ለመትነን ከ760 ዲግሪ በላይ ስለሚፈልጉ በአመዛኙ አመዱ ውስጥ ይቀራሉ። አፈሩን ልል አድርጎ ውሃ የሚያስይዘው ካርቦንም በጭስ ይወጣል። ገበሬው ኩበቱን ካነደደ በኋላ ለጠፋው ናይትሮጅን ዩሪያ በገንዘብ ይገዛል።

ከዚህ ሁለት ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛ፣ ኩበት የግድ ከተቃጠለ አመዱ መደፋት የለበትም። የአፈር አሲዳማነት በሚያስቸግረው በዚህ ደጋ አመድ ፖታሲየም፣ ፎስፈረስና ኖራን የሚተካ አልካላይ ይዞ ወደ ማሳ ሊመለስ ይገባል። ሁለተኛ፣ ኩበትን ከምድጃ ማውጣት የሚቻለው ምትክ ማገዶ ሲኖር ነው። አባወራውን ኩበት አታቃጥል ማለት ብቻውን ምክር አይሆንም፤ የጓሮ ማገዶ ዛፍና ቆጣቢ ምድጃ አብረው መምጣት አለባቸው።

በመካከል ያለ ሌላ መንገድ ባዮቻር ነው። የሰብል ተረፈ ምርትን በትንሽ አየር ከ350 እስከ 500 ዲግሪ አክስሎ አፈር ውስጥ መቅበር ማለት ነው። የከሰሉ ካርቦን ቀለበቶች በአፈር ውስጥ ለረጅም ዘመን ሳይበሰብሱ ይቆያሉ። የጅማ ዩኒቨርሲቲና የአሜሪካው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በቡና ገለባና በአጥንት ላይ በዚህ መስክ ሠርተዋል። አጥንት ሲከስል ኮላጅኑ ይሄዳል፣ የካልሲየም ፎስፌቱ ማዕድን ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2014 ኔቸር ጂኦሳይንስ ላይ የወጣ ጽሑፍ በኢትዮጵያ ያለው የከብት አጥንት ከውጭ ከሚገባው የፎስፈረስ ማዳበሪያ ጉልህ ክፍል ሊተካ እንደሚችል አስልቷል። ሆኖም ባዮቻር ናይትሮጅንን አይመልስም፤ ውጤቱም ከአፈር አፈር ይለያያል። ለጉና ቁልቁለት የሚሆነውን የሚያሳየው እዚያው የተደረገ የማሳ ሙከራ ብቻ ነው።

ሱፍና ብራና

የእንስሳት ፖሊመሮች ለእሳት የሚሰጡት ምላሽ ይለያል። ጥጥ ንጹሕ ሴሉሎስ ስለሆነ በቀላሉ ይያያዛል፣ እሳቱም ይሮጣል። ሱፍ ናይትሮጅን፣ ድኝና እርጥበት ስለያዘ ለመንደድ ከተራ አየር የበለጠ ኦክሲጅን ይፈልጋል፤ እሳቱ ሲነሣለት ይኮማተራል፣ ይጠቁራል፣ ብዙውን ጊዜ ራሱ ይጠፋል። የተቃጠለ ፀጉር ሽታም ወዲያው ያስጠነቅቃል። በምድጃ ዳር ለሚተኛ ሕፃን ከጋቢ ይልቅ የሱፍ ባና የሚሻለው ለሙቀቱ ብቻ ሳይሆን ለዚህም ነው። ፖሊስተር የገባበት ልብስ ከሁለቱም የባሰ ነው፤ ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል።

ደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ዜማ ማስመስከሪያዎቹ፣ የድጓው ቤተልሔምና የዝማሬ መዋሥዕቱ ዙር አባ፣ የሚገኙበት አገር ነው፤ በብራና የተጻፈ ብዙ ሀብት አለው። ብራና አይለፋም፣ በቅርፊትም አይነከርም፤ ቆዳው ተወጥሮ ተፍቆ ይደርቃል። ስለዚህ የኮላጅኑ ጥምዝ ሰንሰለት ያለ ጠባቂ ነው። ደረቅ ሆኖ ብዙ ሙቀት ይችላል፤ እርጥብ ሆኖ ግን አዲስ ብራና እንኳ በ60 ዲግሪ ገደማ ይሸበሸባል፣ ወደ ሙጫነትም ይለወጣል። ያረጀው ከዚያ በብዙ ያነሰ ሙቀት ይበቃዋል። ጥቁሩ ቀለም በተቃራኒው የጥላሸት ካርቦን ነው፤ እሳት ሊያደርስበት የሚችለውን አስቀድሞ ስላለፈ ዘመን አያደበዝዘውም። በአንድ ገጽ ላይ እጅግ ጽኑውና እጅግ ስሱው ነገር ተገናኝተዋል። በእሳት አደጋ ጊዜ ውሃ የነካውን ብራና እሳት ዳር ማድረቅ፣ እርጥበት ባለበት ዕቃ ቤትም መጻሕፍትን ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር መስቀል ሊቀር ይገባል። የረጠበ ብራና በጥላ፣ በነፋስ፣ ቀስ ብሎ ይድረቅ።

ምን ይደረግ

ዳሰሳው የሚያሳየው የተዛባ ሚዛን ነው። አብሲት፣ ብቅል፣ ቆሎና የወይራ ጢስ በልኩ ሙቀት ይሠራሉ፤ ልኩንም ትውልድ በዓይንና በአፍንጫ ጠብቆታል። ማገዶ፣ ከሰልና ኩበት ግን ከዚህ ሁሉ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ሀብት እየበሉ ያለ ልክ ይነድዳሉ። ለዚህ ዋናው ምክንያት እውቀት ማጣት አይደለም፤ ማገዶ ለቃሚዋ ሴት የምታባክነው ጉልበት በገበያ ዋጋ ስላልተሰጠው፣ የጠፋው ናይትሮጅንም በዓይን ስላልታየ ነው።

ስለዚህ ሥራው ከመለካት መጀመር አለበት። የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲና የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የዚሁን አካባቢ ባሕር ዛፍ፣ ዲከረንስ፣ ኩበትና የገብስ ጭድ በሚዛንና በእሳት ይመርምሩ፤ ስንቱ ከሰል፣ ስንቱ ጭስ፣ ስንቱ አመድ እንደሚሆን ለወረዳ ባለሙያዎች በአማርኛ ይስጡ። የግብርናና የኢነርጂ ጽሕፈት ቤቶች ምድጃ ሲያከፋፍሉ የማገዶ ዛፍ ችግኝ አብረው ይስጡ፤ አንዱ ያለ ሌላው ኩበቱን ወደ ማሳ አይመልሰውም። ከሰል አክሳዮች በደረቅ እንጨትና በጭስ ማውጫ እንዲያከስሉ ሥልጠና ያግኙ። በየቤቱ ያለ አንባቢም ከዛሬ የሚጀምረው ነገር አለው፦ ማገዶውን በበጋ ፈልጦ ያድርቅ፣ ድስቱን ይክደን፣ ለጭሱ መውጫ ያብጅ፣ አመዱን ወደ ጓሮው ይመልስ።